የጋጣው በር

ትናንት ከሰዓት ነው፤ ዝናቡ ከበደ፣
ጉሙም ቧንቧ ውሃ ድረስ ከጦሳ ወረደ፤
ጎማ የሚያስጠግን አንድ ሰው ሲታጣ፣
በእህቴ ልጅ በሐያት ስልክ ያ ካውቦይ መጣ።

አሁን መዳፍ አይሞላም፤ ያኔ ግን ግድግዳ አክሎ ነበረ፤
ስሙኒ ከፍለን፣ እኔና እብሬ፣ አግዳሚው እየቆረቆረ፣
አቧራውን፣ ተኩሱን፣ አፋችንን ከፍተን የጠጣን፣
ስንት ማታ ካዳራሹ ተኮራርፈን የወጣን።

ጠባችን ስለ መጨረሻው ነው፦
አንካሳው ሸሪፍ ጋጣ ገባ፣ የሚፈለገው ልጅ ካለበት፤
በሩ ተዘጋ። አንድ ጥይት ጮኸ፣ አንድ ብቻ፣ እንደ ዘበት።
ደጅ የቆመው ፈረስ ጆሮውን ቀስሮ፣
ተመልሶ ውሃውን ጠጣ፣ ነገሩን ከምንም ሳይቆጥሮ።
ነፋስ በሩን ገፋ፤ ስንዝር ያህል ጨለማ ታየ፤
ከዚያ የስም ዝርዝር ወደ ላይ ነጎደ፣ ሰውም ተለያየ።

«ሸሪፉ ነው የሞተው» ይላል እብሬ፤ «ልጁ» እላለሁ እኔ፤
ሸሚዝ ተቀዳደናል ሆጤ ሜዳ ላይ ያኔ።

ፈራጃችን ጋሼ ይመር አሊጋዝ፣ የፊልሙ ተርጓሚ፣
አርጩሜ ጨብጠው ከሸራው ግራ ጥግ ቋሚ።
እንግሊዝኛቸውን የመዘነ የለም፤
እሳቸው ካልፈቀዱ ቴክሳስ ውስጥ ሽጉጥ አይጮህም።
ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ በር ሲደርሱ «አለቀ» ይሉ ነበረ፤
በሦስተኛው ግን ቦታቸው አራት ማታ ባዶውን አደረ።
ሲመለሱ ድምፃቸው ሻክሯል። ብርድ መታቸው አልን።

በሩ ሲገፋ፣ ጨለማው ስንዝር ሲከፈት፣
አርጩሜያቸውን አነሱ፤ «አብሽሩ!» አሉ በድፍረት፤
«ልጁ ወጥቷል። በጓሮ በር። ተኩሱ ለማታለል ነው፤
ሽማግሌው ራሱ ነው ‹ሂድ› ብሎ የሸኘው።»
አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እብሬም ተሸነፍን፤
ተሸንፈን፣ ተቃቅፈን፣ ሰኞ ገበያን አለፍን።

ትናንት፣ ካርባ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ፣
መጨረሻውን ሦስቴ አየሁ ወደ ኋላ ጎትቼ።
ፈረሱ የልጁ ነው። ልጓሙ አጥር ላይ ጣል ተደርጓል፣ አልተቋጠረም፤
መሄድ ያሰበ ሰው እንጂ የሚቆይ እንዲህ አያስርም።
ደግሞ በስተግራ፣ ጥጉ ላይ፣ ከአጥሩ እንጨት ጫፍ፣
ሸሪፉ ኮከቡን ነቅሎ ሰቅሎታል ሳይገባ፣ ከደጃፍ።
በሹመቱ አልገባም። ደረቱን ባዶ አድርጎ ነው የገባው።
ይሄን እንዴት አላየነውም?
እዚያ ጥግ ላይ የጋሼ ይመር ጥላ ነበረ።
ኮከቡ ግንባራቸው ላይ እያረፈ፣ እሳቸውም ሳያዩት፣ እኛም።

ሌላም አየሁ። ካሜራው ጋጣውን ዞሮ ሲያሳይ፣
ድፍን ድንጋይ ነው፤ መስኮት የለ ከታች፣ መስኮት የለ ከላይ።
ጋጣው የጓሮ በር የለውም።

በዚያው ሳምንት ነበር ዘይኑን፣ የበኩር ልጃቸውን፣
«ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው ከመኝታው የወሰዱት።
አንድ ጥይት ሰማን ያሉ ነበሩ፣ ከከተማ ወዲያ፣ ጎህ ሳይቀድ።
በር ከፍቶ ያየ ግን የለም።
እኛ አስራ አንድ ዓመታችን ነው። ያጨበጨብነው ለካውቦይ ነው።

«ሠሪው ሰነፍ ነው፣ ሳይጨርስ ለቀቀው» እል ነበር ድሮ።
አፌን በቆረጠው።
ስንዝር ነው የተወው። ስንዝር ብዙ ነው።

ሐያት ስልኳን ወሰደች። «ታዲያ ማን ሞተ?» አለችኝ።
«አብሽሪ» አልኳት። «ልጁ በጓሮ በር ወጥቷል።»
«የቱ የጓሮ በር? የለውም እኮ!»
አንድ ከመነዳሪ ገንዳው ውስጥ ነክሬ፣
የሚተነፍስበትን በጣቴ እየፈለግሁ፣
«ደሴ በመጣው ኮፒ ላይ ነበረው» አልኳት።